ጂ 10.8 ሲወጣ፣ ውሃ በ92 ሲፈላ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፊዚክስ በቤት ውስጥ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሮሯቸው አንድ ነው፤ «ሙከራውን ቤታችን ሠራነው፣ ቁጥሩ ግን ከመጽሐፉ ጋር አልገጠመም» ይላሉ። ወደ መልሶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ልመና አለን፦ አልገጠመም ብላችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር አትሰርዙት፣ አታሳምሩትም። ከዚህ በታች ስሕተቱ የት እንደተሠራ ለመናገር የቻልነው ጸሐፊዎቹ ቁጥሩን እንዳለ ስለላኩልን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። 1 ሜትር ክር ላይ ትልቅ ዳዶ አስረን ፔንዱለም ሠራን። የ20 ደርሶ መልስ ጊዜ በስልክ ስንለካ 38.2 ሰከንድ ሆነ። ደገምነው፤ 38.1 እና 38.2 መጣ። በዚህ ስናሰላው ጂ (የመሬት ስበት የሚወድቅን ነገር የሚያፈጥንበት ልክ) 10.8 ሆነብን። ታላቅ ወንድማችን «የአየር ግፊት ነው» ይለናል። እውነቱን ነው? (ሁለት ተማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድማችሁ ይቅር ይበለን እንጂ አየሩ የለበትም። አየር ፔንዱለሙን ቢጎትተው ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም፤ ያን ጊዜ ጂ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። የእናንተ ደግሞ ፈጥኗል።

እስቲ ወደ ኋላ እናስላው። አዲስ አበባ ላይ ጂ 9.775 ገደማ ነው። የ1 ሜትር ፔንዱለም አንድ ደርሶ መልስ 2.01 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሃያው 40.2 ይሆናል ማለት ነው። እናንተ ያገኛችሁት 38.2 ነው። የጎደለው 2 ሰከንድ ነው፤ ልክ የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜ። ስለዚህ የቆጠራችሁት 20 ሳይሆን 19 ነው። ዳዶው ሲለቀቅ «አንድ» ብላችሁ ጀምራችኋል። ሲለቀቅ ግን ገና ምንም አልሄደም፤ መባል ያለበት «ዜሮ» ነው። በጊዜው ላይ 5 በመቶ የምትሆን ጉድለት፣ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ፣ ጂ ላይ ስትደርስ 11 በመቶ ሆና ትወጣለች።

ሦስቱም ልኬት አንድ ዓይነት መውጣቱ ሳያዘናጋችሁ አልቀረም። መደጋገም የሚያሳየው እጃችሁ ሰዓቱ ላይ እንደማይንቀጠቀጥ ነው። ቆጠራው ከተሳሳተ ሦስቴም ሠላሳ ጊዜም ያው ነው።

ሌላም ልማድ ቀይሩ። ዳዶው ጥግ ደርሶ ሲመለስ ሰዓት አትጀምሩ፤ እዚያ ቀስ ብሎ ስለሚዞር «አሁን» የምትሉበት ቅጽበት ይሰፋል። ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል በሚቆምበት ቦታ ትይዩ፣ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አራት አምስት ጊዜ ይመላለስ። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ መስመሩን ሲያልፍ «ዜሮ» ብላችሁ ጀምሩና ከቀኝ ወደ ግራ ባለፈ ቁጥር ብቻ ቁጠሩ።

ቆጠራው ከተስተካከለ በኋላም ጂ 9.5 ወይም 9.6 ቢሆንባችሁ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ርዝመቱ ነው። የሚለካው ክሩ እስከታሰረበት ቋጠሮ ሳይሆን እስከ ዳዶው መካከል ነው። የጥጥ ክር ሲሸከም ይሳባል፣ ይፈታታልም፤ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሻላል። ርዝመቱንም ዳዶው ተንጠልጥሎ እያለ ለኩ። ክሩን ምስማር ላይ በቀለበት አታንጠልጥሉት፤ ቀለበቱ ምስማሩ ላይ እየተንከባለለ ርዝመቱን ይለዋውጠዋል። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መካከል ጥርቅም አድርጎ የተያዘ ክር ግን የሚወዛወዘው ከአንዲት ነጥብ ነው።

ስትለቁትም ብዙ አትሳቡት። ለ1 ሜትር ክር ከመካከል 17 ሳንቲ ሜትር ማለት 10 ዲግሪ ነው፤ ጊዜው ከ0.2 በመቶ በላይ አይዛባም። ግማሽ ሜትር ብትስቡት 30 ዲግሪ ይደርስና ጊዜው 1.7 በመቶ ይረዝማል፤ ጂም ወደ 9.45 ይወርዳል።

የዳዶው መካከል የት እንደሆነ መከራከር ከሰለቻችሁ ደግሞ መውጫ አለ። በ40፣ 60፣ 80፣ 100 እና 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ለኩ። በ40 ላይ አንድ ደርሶ መልስ 1.27 ሰከንድ፣ በ120 ላይ 2.20 ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት። እያንዳንዱን ጊዜ በራሱ አባዙና በካሬ ደብተር ላይ ከርዝመቱ (በሜትር) አንጻር ነጥብ አድርጉ። ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ይሰለፋሉ፤ የመስመሩ ተዳፋት 4.04 ገደማ ነው። 39.48ን (ፓይ በራሱ ተባዝቶ 4 እጥፍ ሲሆን የሚመጣውን) ለተዳፋቱ ስታካፍሉ ጂ ይወጣል። ሁሌም እስከ ቋጠሮው ለክታችሁ ከሆነ መስመሩ ዜሮን አያልፍም፤ ጎደሎዋ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነች የርዝመቱን መስመር ከዜሮ በ2 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ይቆርጠዋል። ተዳፋቱ ግን ንቅንቅ አይልም። አንድ ብቻ ለክቶ ከማስላት ይህ እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ከ1 ሜትር ከፍታ ኳስ እየጣለች በስልኳ ሰዓት ትለካለች። 0.31፣ 0.58፣ 0.44፣ 0.37... አንዱም ከአንዱ አይገጥምም። ሰዓቱ ይሆን የተበላሸው? (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሰዓቱ ደህና ነው፤ የተጠየቀው ከሰው እጅ አቅም በላይ ነው። ከ1 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት የሚደርሰው በ0.45 ሰከንድ ነው። ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን ደግሞ 0.2 ሰከንድ ያህል ያልፋል። መዘግየቱ ሁሌ እኩል ቢሆን መጀመሪያውና መጨረሻው በተጣጣሉ ነበር፤ ግን አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴም ልጅቷ ኳሱ ሳይደርስ ቀድማ ትጫናለች።

ጣትን ትተው በድምፅ ያስለኳት። ፋይፎክስ የሚባል ነፃ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ በጀርመን የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በውስጡ በድምፅ የሚነሳና በድምፅ የሚቆም ሰዓት ያገኛሉ።

ፊኛ ነፍታችሁ አናቱን በበሩ ጉበን ላይ በፕላስተር ለጥፉት። አንገቱ ላይ በአጭር ክር ዳዶ እሰሩ። ከዳዶው ግርጌ እስከ ወለሉ ድረስ ሳይሆን ወለሉ ላይ እስከምታስቀምጡት የብረት ትሪ ድረስ 120 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ፊኛውን በመርፌ ሲወጉት «ጧ» ሲል ሰዓቱ ይነሳል፤ ዳዶው ትሪውን ሲመታ ይቆማል። የሚጠበቀው 0.495 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከፍታውን በ2 አባዝቶ ለጊዜው ሁለቴ ማካፈል ነው፤ ጂ ይመጣል።

ሁለት ነገር ይበላሻል። ሰዓቱ 0.03 ወይም 0.05 ላይ ከቆመ ያቆመው የፊኛው ድምፅ ከግድግዳ ሲመለስ ነው፤ መተግበሪያው ላይ ትንሹን የመጠበቂያ ጊዜ 0.2 ሰከንድ አድርጉት። ሌላው የስልኩ ቦታ ነው። ስልኩን ትሪው አጠገብ ካስቀመጣችሁት የፊኛው ድምፅ 1.2 ሜትር ለመውረድ 3.5 ሺኛ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሰዓቱ ዘግይቶ ይነሳና ጂ 9.9 ይሆናል። በርጩማ ላይ፣ ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አኑሩት፤ ሁለቱም ድምፆች እኩል ይዘገዩና ይጣጣላሉ።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ዲሲ ናት፤ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ፔንዱለም ብንሠራ የጂ ልዩነት በእጅ ሰዓት ይታየናል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ይታያችኋል፤ ለጥንቃቄ ዝግጁ ከሆናችሁ። ዋሽንግተን ላይ ጂ 9.801 ነው፤ አንተ ጋ 9.775 ገደማ። ከልዩነቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አዲስ አበባ ለምድር ወገብ መቅረቧ ነው፤ ከፍታዋ ቀሪውን ይጨምራል። የ1 ሜትር ፔንዱለም 100 ጊዜ ደርሶ ሲመለስ እዚያ 200.70፣ እዚህ 200.97 ሰከንድ ይፈጃል። ሩብ ሰከንድ ብቻ ናት። እጅህ በእያንዳንዱ ልኬት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ቢስት እንኳ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመህ አማካዩን ስትወስድ ትወጣለች።

ሥራውን የሚያፈርሰው ርዝመቱ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ስሕተት በ100 ደርሶ መልስ ላይ 0.1 ሰከንድ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ ልዩነቱን ሙሉ ይውጠዋል። ስለዚህ ሁለት ፔንዱለም አትሥሩ። አንዱን ሥሩ፤ ቀጭን ሽቦ፣ ጫፉ ላይ የግንበኛ ቱምቢ፣ ላይኛው ጫፉም ሁለት ጠፍጣፋ ብረት መካከል በብሎን ተጠርቆ እንዳይላላ የተደረገ። መንገደኛ ሲገኝ እሱው ይሂድ። ሁለታችሁም ከመካከል 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስባችሁ ልቀቁት። አንዳችሁ 5 ሌላችሁ 10 ከሳባችሁ፣ በዚያ ብቻ ወደ 0.1 ሰከንድ ልዩነት ይፈጠራል። ቱምቢ የምንለው ለክብደቱ ነው፤ ቀላል ነገር መቶ ሳይሞላ ይደክማል።

ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ በ1672 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ከፓሪስ ወደ ካየን፣ ደቡብ አሜሪካ ሲሄድ ሰዓቱ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ቀረበት። ካየንም እንደ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ዋሽንግተን ላይ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት አዲስ አበባ ቢመጣ በቀን 2 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል።

ጥያቄ፦ በቴርሞሜትር የፈላ ውሃ ስለካ 92 ላይ ቆመ፤ አንድ ሰዓት ቢንተከተክም ከዚያ አያልፍም። ልቀይረው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይቀይሩት፤ ልክ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ በ92 ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል ብለው ቢያስቡ አይርቁም፤ ባሕር ዳር 94 ገደማ ነው። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው፤ እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ አያግለውም። ቴርሞሜትሩን ለመፈተሽ ሌላኛውን ጫፍ ይሞክሩ፦ በረዶ አድቅቀው ጥቂት ውሃ ጨምረው ያማስሉና 3 ደቂቃ ይጠብቁ። ዜሮ ካሳየ ጥሩ፤ 2 ካሳየ ከልኬትዎ ሁሉ 2 መቀነስ ይልመዱ። ጫፉ የድስቱን ወለል አይንካ። የትኩሳት መለኪያውን ብቻ አደራ፣ ፈላ ውሃ ውስጥ አያስገቡት፤ ልኩ 42 ላይ ያበቃል፣ ብርጭቆውም ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ በባትሪ አምፖል የኦምን ሕግ ለማየት ሞከርን። በአንድ ድንጋይ 0.20 አምፔር፣ በሁለት ድንጋይ 0.30 አምፔር። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ከረንቱ እጥፍ መሆን አልነበረበትም? ደግሞ ቴስተራችን አሁን ከረንት አይለካም፤ ሁሌ ዜሮ ነው። (የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልኬታችሁ ትክክል ነው፤ የማይሆነው አምፖሉ ነው። በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል፦ በአንዱ ድንጋይ 1.5 ለ0.20 ሲካፈል 7.5 ኦም፣ በሁለቱ 3 ለ0.30 ሲካፈል 10 ኦም። አምፖሉን አጥፍታችሁ፣ ከሰርኪዩቱ አውጥታችሁ በቴስተር ኦም ብትለኩት ከዚህ በብዙ ያነሰ ታገኛላችሁ። ስትለኩ ግን መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አገናኝታችሁ የሚያሳየውን ከውጤቱ ቀንሱ፤ የሽቦዎቹ የራሳቸው ነው።

ለኦም ሕግ የ100 ኦም ሬዚስተር ያዙ፤ ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ናቸው። በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ድንጋይ 15፣ 30፣ 45 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይመጣል። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን 1.5 አትመኑ፤ ያገለገለ ድንጋይ ሥራ ላይ ሲሆን ይወርዳል። ሰርኪዩቱ ተገናኝቶ እያለ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያለውን ቮልት ለኩ።

ቴስተራችሁ ከረንት የማይለካው ፊውዙ ስለተቃጠለ ነው ብለን እንገምታለን። የተለመደው ርካሽ ቴስተር በሚሊ አምፔር ቀዳዳው ላይ ያለው ፊውዝ የ200 ሚሊ አምፔር ነው፤ የእናንተ 0.30 ደግሞ 300 ነው። አምፖል ስትለኩ ቀዩን ሽቦ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ አድርጉ። ሌላው የፊውዝ ጠላት፣ ከረንት ለክታችሁ ስትጨርሱ ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳ ሳትመልሱ የድንጋይ ቮልት መለካት ነው፤ ያን ጊዜ ቴስተሩ ራሱ ሾርት ይሆናል። ክዳኑን ክፈቱና አንድ ዓይነት ቁጥር ያለበት ፊውዝ ቀይሩ፤ በሽቦ አትተኩት። የግድግዳው 220 ቮልት ደግሞ የእነዚህ ሙከራዎች ዕቃ አይደለም፤ በምንም ምክንያት።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ምን ምን ልግዛ? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የብረት ሜትር (የልብስ ሰፊ ሜትር ሲቆይ ይሳባል)፣ የናይለን ክር፣ ቱምቢ ወይም ጥቂት ዳዶዎች፣ 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ከዜሮ በታች 10 እስከ 110 የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ቴስተር፣ ያለ መርፌ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። ሁሉንም አንዴ አይግዙ። በሜትሩና በክሩ ብቻ የአንድ ወር ሥራ አለ።

ጥያቄ፦ 30 ሳንቲ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ዝቅ ከፍ እያደረግሁ፣ ከላዩ ስልኬ 1000 ኸርዝ ድምፅ እያወጣ፣ ድምፁ የሚጎላበትን ቦታ ፈለግሁ። ከውሃው በላይ 7.7 ሳንቲ ሜትር ሲቀር ጎላ። ይህ የሞገዱ ሩብ ነው ብዬ በ4 እና በ1000 ሳባዛው የድምፅ ፍጥነት 308 ሜትር በሰከንድ ሆነ። መጽሐፉ 343 ይላል። ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ሳስቶ ነው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከፍታ የሁሉ ጥፋት ተሸካሚ ሆኗል፤ እዚህ ግን ንጹሕ ነው። ከፍ ሲባል ግፊቱም የአየሩ እፍጋትም አብረው ስለሚቀንሱ ለድምፅ ይጣጣሉለታል። ፍጥነቱን የሚለውጠው ሙቀት ነው፦ 331 ላይ ሙቀቱን በ0.6 አባዝተህ ጨምር። በ20 ዲግሪ 343፣ ሰመራ በ35 ዲግሪ ቀን 352፣ ደብረ ብርሃን በ12 ዲግሪ ጠዋት 338 ነው። 308 እንዲሆንማ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ያስፈልግህ ነበር።

የጎደለችህ ትንሽ ርዝመት ናት። የድምፁ ሞገድ ልክ ቱቦው አፍ ላይ አያበቃም፤ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው የሚመለሰው። የወጣው ርዝመት ከቱቦው የውስጥ ስፋት 0.3 እጥፍ ያህል ነው፤ ቱቦህ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.9 ማለት ነው። 7.7 ላይ 0.9 ጨምርና በ4 እና በ1000 አባዛው፤ 344 ይሆናል።

ያንን 0.9 ግን ማመን አያስፈልግህም። ቱቦውን ወደ ላይ መሳብህን ቀጥል፤ 24.8 አካባቢ ድምፁ እንደገና ይጎላል። በሁለቱ መካከል ያለው 17.1 ሳንቲ ሜትር የሞገዱ ግማሽ ነው፤ ከአፍ የወጣችው ርዝመት በሁለቱም ላይ ስላለች ስትቀነስ ትጠፋለች። በ2 እና በ1000 ሲባዛ 342። ባልዲው ቢያንስ 26 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይያዝ። ስልኩን ከአፉ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ያዘው፤ አፉን ከከደንከው የሚጎላበት ቦታ ይሸሻል። ቴርሞሜትሩንም ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ፣ ከውሃው በላይ አንጠልጥለህ አንብብ። ባልዲው ውስጥ የቀዳኸው የቧንቧ ውሃ ከክፍሉ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል፤ 5 ዲግሪ ልዩነት 3 ሜትር በሰከንድ ነው።